የእቴጌ ጣይቱ ስሞች

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት እንላለን። በእኛ አገር አንዲት ሴት በአንድ ስም ብቻ አትኖርም። ስትወለድ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አለ። ክርስቲያን ከሆነች በሰማንያ ቀኗ የክርስትና ስም ይጨመርላታል፤ ሙስሊም ከሆነች አቂቃ ታርዶ፣ ዱዓ ተደርጎ ስሟ ይጸናላታል። አግብታ አማቷ ቤት ስትገባ ዳቦ ተቆርሶ የዳቦ ስም ይወጣላታል። ስትወልድ የእገሌ እናት ትባላለች። ባሏ የሞተ ወይም የተፋታች እንደሆነ ደግሞ ማንም ዳቦ ሳይቆርስ፣ ማንም ሳይመርቅ የሚለጠፍባት ሌላ ስም አለ። ይህ የመጨረሻው በመዝገብ አይጻፍም፤ ነገር ግን ገበያም ለቅሶም ቀድሟት የሚደርሰው እርሱ ነው።

እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ስም ቀላል ነገር አለመሆኑን ሥራችን በየቀኑ ያሳየናል። ቁጠባ የሚገባው በስም ነው። ብድር የሚፈረመው በስም ነው። አንዲት እናት ስትሞት ልጆቿ ገንዘቧን የሚጠይቁት በስሟ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ስም ልንጽፍ ስናስብ ሁላችንም የምናውቃቸውን የአንዲት ሴት ታሪክ መረጥን፤ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን። ስለ ዐድዋ ጀግንነታቸው ብዙ ተጽፏል፣ በየዓመቱም ይነገራል። እኛ የምንጽፈው ስለ ስሞቻቸው ነው። ሌሎች ስላወጡላቸው፣ ሌሎች ስለ ለጠፉባቸው፣ ደግሞም እርሳቸው ራሳቸው ስላወጡት ስም። ለእኛም የሩቅ ሰው አይደሉም። ከምኒልክ ጋር የተጋቡት እዚሁ ቆላውን ይፋት ቁልቁል በሚያይ ተራራ ላይ፣ አንኮበር ነው።

ከቤት የወጣ ስም

ጣይቱ የሚለው ስም ለገጠር ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጣይ ወጣ፣ ጣይ ገባ እያልን ያደግን ሰዎች ጣይ ማለት ፀሐይ መሆኑን ማንም አያስተምረንም። ጣይቱ ማለት ፀሐይቱ ማለት ነው። የክርስትና ስማቸው ደግሞ ወለተ ሚካኤል ነበር። አንዱ ለቤትና ለአደባባይ፣ ሌላው ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ስም ነው።

አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ይባላሉ፤ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር። ራስ ብጡል የሰሜንና የትግሬ ገዢ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ቤተሰቡ በሰሜን የታወቀ፣ በየጁም ዘመድ ያለው ነበር። በአንድ ዘመን እንዲህ ያለ ስም በር ይከፍታል፤ ዘመን ሲለወጥ ግን ያው ስም በር ይዘጋል። በ1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው እዚያው ነገሡ። ሲነግሡም ካሣ የሚለውን ስም ትተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ቴዎድሮስ የሚለው ስም በትንቢት የሚጠበቅ ንጉሥ ስም ስለነበረ ሕዝቡ ከሰውየው በፊት ስሙን ያውቀው ነበር። በአንድ ቀን አንዱ ሰው በስም ከፍ ሲል የውቤ ወገን የሚባለው ሁሉ ደግሞ በስሙ ዝቅ አለ። ጣይቱ ያደጉት በዚህ ዘመን ነው።

በዚያ ጊዜ ብዙ ሴቶች ያላገኙትን ትምህርት ግን አግኝተዋል። ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፣ ግዕዝ ተምረዋል፣ በገና ይደረድሩ ነበር። ይህን እዚህ ላይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ የአገር ውል በፊታቸው ሲቀርብ፣ ሌላ ሰው አንብቦ እንዲነግራቸው የሚጠብቁ ሴት አልነበሩም።

የተለጠፈ ስም

ጣይቱ ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ አግብተው ነበር። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አባት ከአባት፣ ጦር ከጦር የሚታረቅበት ውል ነበር። ጦሩ ሲሸነፍ፣ ባል ሲታሰር ወይም ሲሻር ጋብቻውም ይፈርስ ነበር። ሴቲቱ ግን ውሉን አልጻፈችውም፤ አላፈረሰችውምም። ቢሆንም የሚተርፋት እርሷን የሚመለከት ስም ነው። ፈት ትባላለች።

ልብ እንበል። ምኒልክም ከጣይቱ በፊት ሚስት ነበራቸው። መቅደላ ታስረው በነበረ ጊዜ የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተዋል። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ ትተዋቸው መጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ከወይዘሮ ባፈና ጋር ኖሩ። ይሁንና ስለ ምኒልክ ሲነገር ፈት የሚል ቃል ከአንድም ሰው አፍ አይወጣም። የጣይቱን የቀድሞ ባሎች ግን የአገር ሰውም የውጭ አገር ጸሐፊም ቆጥሯቸዋል። ሥራው አንድ ሆኖ ስሙ ለአንዱ ወገን ብቻ ይለጠፋል።

ሁለተኛው ስም ከዚህ የከበደ ነው። ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። በቤተ መንግሥት ወራሽ አለመውለድ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ በየመንደራችን ያለው ፍርድ ወደ ዘውድ ቤት ሲወጣ ማለት ነው። ሴት ልጅ ካልወለደች መካን የሚለው ቃል ከሙያዋም፣ ከደግነቷም፣ ከዕውቀቷም በላይ ይጮኻል። በማኅበራችን ውስጥ ይህን ቃል በራሳቸው ላይ የሰሙ እኅቶች አሉ። ስማቸውን አንጠራም። እቴጌም ሰምተውታል ብለን ግን እናምናለን።

ስም እንደሚከብድ ምኒልክም ያውቁ ነበር። እርሳቸው ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ሲወለዱ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ከመኳንንት ወገን አልነበሩም። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ይልህ ሸዋ የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር፣ በኋላ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ምኒልክ እንዲባሉ አደረጉ እየተባለ በሸዋ ይተረካል። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። ትረካው እንዳለ ከተወሰደ አንድ ሕፃን በእናቱ ምክንያት የሐፍረት ስም ሊሸከም ነበር፤ አንድ ትልቅ ሰው ያንን አንሥቶ የንግሥት ሳባን ልጅ ስም ጫነለት። ሁሉም ልጅ እንዲህ ያለ አያት አያገኝም።

አንኮበር

በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ጣይቱና ምኒልክ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ጋብቻው በቁርባን ነበር። ቁርባን እንደ ሰማንያ አይደለም፤ በሽማግሌ አይፈታም። ከዚያ በፊት በጦርና በሹመት ምክንያት ይጋቡና ይፋቱ ለነበሩት ሴት ይህ ሌላ ዓይነት ቃል ኪዳን ነበር። ምኒልክ በዚያ ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰላሳ ዓመት፣ ሞት እስኪለያቸው ድረስ አብረው ኖሩ።

ስለ አንኮበር ስም አንድ ነገር እንጨምር። አንኮ የሚባሉ አንዲት የባላባት ሚስት በሩን ይዘው ይኖሩ ስለነበር ቦታው አንኮ በር ተባለ የሚል የቆየ አፈ ታሪክ አለ። ብዙዎቻችን በዚያ ስናልፍ ስሙን እንጠራለን፤ በስሙ ውስጥ ሴት እንዳለች ግን አናስብም። የሸዋ ነገሥታት ከተማ በአንዲት ሴት ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው።

ስም ያወጡት እቴጌ

እስከ አሁን የነገርናችሁ ሌሎች ለጣይቱ ስላወጡት ስም ነው። አሁን ደግሞ እርሳቸው ያወጡትን እንይ።

ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ከተማ አድርገው ነበር። እንጦጦ ከፍ ያለ፣ ብርዳማ፣ ማገዶና ውኃ የሚያስቸግር ቦታ ነው። ጣይቱ ከተራራው ሥር ባለው ፍል ውኃ ለመታጠብ ይወርዱ ነበር። ሜዳውን ወደዱት፣ በዚያም ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። በ1879 ዓ.ም. ቤቱ ተሠራ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ መኳንንቱ በየአቅጣጫው ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ፣ እንጦጦም ቀስ በቀስ ተለቀቀ። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው፣ ዓለም በሙሉ የሚጠራት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከአንዲት ሴት አፍ ነው።

እዚህ ላይ መዝለል የሌለብን ነገር አለ። ቦታው ስም የሌለው ባዶ መሬት አልነበረም። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉት ነበር፤ ዛሬም ይሉታል። ስም ማውጣት ሥልጣን ነው። ለአንዱ አዲስ ስም ሲወጣ የሌላው ስም ከሥር ሊቀበር ይችላል። የእቴጌን ችሎታ ስናደንቅ ይህንን አብረን ካላየን ስለ ስም የጻፍነው ሁሉ ግማሽ ይሆናል። ስም የወጣለት ሁሉ ቀድሞ ሌላ ስም ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ ለእኛም ይጠቅመናል። የዳቦ ስም የወጣላት ሙሽራ ትናንት በእናቷ ቤት የምትጠራበት ስም ነበራት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በሁለተኛው ቀን ጣይቱም ዘውድ ጭነው እቴጌ ተባሉ። በማኅተማቸው ላይ የተቀረጸው ስም እቴጌ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ብርሃን ማለት ነው።

ይህን ስም ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። ወላጆቻቸው ፀሐይ ብለዋቸው ነበር። ከብዙ ጋብቻ፣ ከብዙ ስደትና ከብዙ ሐሜት በኋላ ለአገር የሚያሳዩትን ስም ሲመርጡ ከቤት የወጣውን ስም አልጣሉትም። ፀሐይን ብርሃን አደረጓት። በማኅተሙ ላይ የምኒልክ ሚስት የሚል ቃል የለም። የራሳቸው ስም፣ ከዚያም የስሙ ሥራ አለ። ሒሳብ ለምንሠራ ሰዎች ማኅተም ማለት ኃላፊነት ማለት ነው። የራሱ ማኅተም ያለው ሰው ለፈረመው ይጠየቃል፣ ያልፈረመውን ደግሞ አልፈረምኩም ለማለት ይችላል።

አንድ ቃል

ማኅተም ያለው ሰው የሚያደርገውን ለማየት ወደ ውጫሌ እንሂድ። ውጫሌ ከደሴ አልፎ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ያለ ቦታ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያን መንግሥት እዚያ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ብትፈልግ በጣሊያን በኩል ለማድረግ ይቻላታል የሚል ነበር። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በዚህም ጣሊያን ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ያለች ናት ብሎ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ነጻ የነበረች አገር በአንድ ቃል ልዩነት የጥገኛ ስም ተለጠፈባት።

በ1883 ዓ.ም. የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል አዲስ አበባ ሲመጣ ጣይቱ በንግግሩ ውስጥ ነበሩ። አገራቸው በሌላ አገር ጥበቃ ሥር እንደሆነች የሚያስቆጥር ቃል በምንም መልክ እንዲቀር አልፈለጉም። ሴት እንደ መሆናቸው ጦርነትን እንደማይወዱ፣ ሆኖም ይህን ከመቀበል ጦርነትን እንደሚመርጡ ተናገሩ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሴት የሚለውን ስም ሌሎች ሰው ዝም ለማሰኘት ሲጠቀሙበት እርሳቸው ለመናገር ተጠቀሙበት። አንቶኔሊ ያለ ስምምነት ሄደ። በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን መሰረዛቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ስም ተጨመረላቸው። የውጭ አገር ሰዎች እቴጌዪቱ ፈረንጅ ይጠላሉ ብለው ጻፉ። እኛ ግን ታሪኩን ስናየው የጠሉት ሰው ሳይሆን ቃል ነበር፤ ያልፈረሙበትን ቃል። አንዲት ሴት ውል አንብባ አልፈርምም ስትል ክፉ፣ አስቸጋሪ፣ ጥላቻ ያደረባት መባሏ በቤተ መንግሥት ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በሰፈራችንም ባሏ የተበደረውን ገንዘብ ዋስ ሆና ለመፈረም እምቢ ያለች ሴት ምን እንደምትባል እናውቃለን።

ነገሩ በወረቀት አላለቀም። በ1888 ዓ.ም. ጦሩ ሲዘምት እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው አብረው ወጡ። መቀሌ ላይ ጣሊያኖች በጠንካራ ምሽግ ውስጥ ሆነው ሲያስቸግሩ፣ ከምሽጉ ውጪ ያለው የውኃ ምንጭ እንዲያዝ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ውኃ ስለ መቅዳት የሚያውቅ ሰው ውኃ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ምሽጉ ተለቀቀ። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ውጊያው ሲሆን ጦሩን ሲያበረታቱ ዋሉ፤ ሴቶቹ ውኃ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያደርሱ ነበር። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ጣሊያን የውጫሌን ውል መሻር ተቀበለ፣ የኢትዮጵያንም ነጻነት ዐወቀ። ውሉ የተፈረመባት ከተማ ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸውን አንርሳ።

የተለጠፈ ስም ግን ጦር ሲሸነፍም ወዲያው አይለቅም። ጣሊያን ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ በጣርማ በር ተራራ ውስጥ ለመኪና ዋሻ ቆፈረ። ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ የምናልፍበት ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ ረጅም ዘመን ሆነው፤ ዋሻውን ግን በሙሶሊኒ ስም የሚጠራ ሰው ዛሬም አለ። የሰውየው ሥልጣን አልፎ ስሙ በእኛ አፍ ቀርቷል። ጣርማ በር የሚለውን ስም መጥራት ምንም አያስከፍልም።

ስም ሲነጠቅ

ምኒልክ በ1890ዎቹ መጨረሻ ታመሙ፤ ሕመሙ እየጠና ሄደ። መናገርና መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው የመንግሥቱን ሥራ የሚመሩት ጣይቱ ሆኑ። በ1901 ዓ.ም. የምኒልክ የልጅ ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። ጣይቱ ግን ሹመት ይሰጡ፣ ይሽሩ፣ የራሳቸውን ዘመዶች በቁልፍ ቦታ ያስቀምጡ ነበር። በዚህም የሸዋ መኳንንት ተቆጡ።

መኳንንቱ ፍርሃት የሌለ ነገር ነበር አንልም። ዘመድ በመሾም ነገር ጣይቱ የሚወቀሱበት አለ። ሆኖም ያን ጊዜ የሆነውን ስናይ ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበሩት ስሞች ሁሉ በአንድ ቀን ተመልሰው መጡ። ዐድዋ የዘመቱት እቴጌ፣ ከተማ የቆረቆሩት እቴጌ ቀርተው፣ ሸዋ ያልተወለዱ፣ የሰሜንና የየጁ ሴት ሆኑ። ወራሽ ያልወለዱ ሴት ሆኑ። መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ቅጣቱ ራሱ ስም ነው። ብርሃን ዘኢትዮጵያ የነበሩት የበሽተኛ ሚስት እንዲሆኑ ተፈረደ።

አስታመሙ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አልተለዩአቸውም። ከዚያ በኋላ ከቤተ መንግሥት ወጥተው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ፤ ዘውድ ከጫኑበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ማለት ነው። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሡ። የዘውዲቱ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ የጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ፤ ዘውዲቱ ሲነግሡ ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ።

ስለ ማዕረግ ስም ደግሞ ይህን እንይ። ዘውዲቱ የተባሉት እቴጌ ሳይሆን ንግሥተ ነገሥታት ነው። እቴጌ ማለት የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ናት፤ ዘውዲቱ ግን በራሳቸው መብት የነገሡ ስለሆኑ አዲስ ስም ማበጀት ግድ ሆነ። ለወንድ ብቻ ተሰፍቶ የነበረ ስም ለሴት እንዲሆን ተቀየረ። ጣይቱ ሥራውን ሠርተውት ስሙን አላገኙም፤ ዘውዲቱ ስሙን አገኙ።

እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዘውዲቱ ዘውድ ከጫኑ ልክ አንድ ዓመት ሆኖ ነበር። መጀመሪያ እንጦጦ ተቀበሩ፤ በኋላ ዐፅማቸው ወደ በአታ ለማርያም ተወስዶ ከምኒልክ አጠገብ አረፈ።

የቀረው ስም

ዛሬ አዲስ አበባ ፒያሳ በስማቸው የሚጠራ ሆቴል አለ፤ በዘመናቸው ከተከፈቱት የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴሎች አንዱ ነው። ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት ነበር፤ ታድሶ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። ጣይቱ የሚባሉ ልጆች በየቦታው አሉ። መካን የተባሉት ሴት ስማቸውን የሚሸከሙ ብዙ ልጆች አሏቸው። ፈት፣ ባዕድ፣ ፈረንጅ ጠል የሚሉት ስሞች ግን የት ገቡ? ስማቸው የቀረው ሌላ ሰው ስለ አወደሳቸው ብቻ አይደለም። ከቤት የወጣላቸውን ስም ሳይጥሉ ሥራ ስለ ጨመሩበትና በዚያ ስም ስለ ፈረሙ ነው። የተለጠፈ ስም ሥራ የለውም፤ ከሚለጥፈው ሰው ጋር ይሞታል። ይሁን እንጂ እስኪሞት ድረስ ይጎዳል፤ በ1902 ዓ.ም. የሆነው ይህንን ያሳያል። ስለዚህ ዝም ብሎ መጠበቅ አይበቃም።

ይህን ወደ ማኅበራችን እናምጣው። በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። በሌሎች ብዙ አገሮች ሴቶች ሲታገሉለት የኖሩት ነገር ለእኛ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተርም የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር ተደርጓል። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ መሬቱ በባል ስም ብቻ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ባሏ የሞተባት ሴት ደብተሩን ስታወጣ ስሟን ታሳያለች። ስም በደብተር ላይ መኖሩ እህል ነው፣ ቤት ነው፣ የልጅ ትምህርት ነው።

በእኛ መዝገብ የሚያጋጥመው ችግር ግን ሌላ ነው። አንዲት እኅት በሰፈር በዳቦ ስሟ ትታወቃለች፣ በቀበሌ መታወቂያዋ ሌላ ስም አለ፣ የቁጠባ ደብተሯ ላይ ደግሞ የክርስትና ስሟ ተጽፏል። አሁን የፋይዳ ምዝገባ ሲጨመርበት አራተኛ አጻጻፍ ይመጣል። ደህና ቀን ይህ ሁሉ ምንም አይመስልም። ገንዘብ ማውጣት ሲያስፈልግ፣ ይልቁንም ሞት ሲመጣ፣ ሦስት ሴቶች አይደሉም አንዲት ሴት ናት ብሎ ማስረዳት ወራት ይፈጃል፤ ለምስክርና ለመጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብም ከቁጠባው ይቀነሳል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛው፣ የእያንዳንዷ አባል ሙሉ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ በመታወቂያዋ እንዳለው በመዝገቡ ይስፈር፤ ከአጠገቡም ሰው የሚጠራት ሌላ ስም ሁሉ ይጻፍ። የአቶ እገሌ ባለቤት ወይም የእገሌ እናት የሚል አጻጻፍ ለብቻው ስም ሆኖ እንዳይቆጠር። የእገሌ እናት መባል የሚያኮራ ነገር ነው፤ ነገር ግን አይፈርምም።

ሁለተኛው ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት ላይ ነው። በልማት ሥራ ውስጥ ተጠቃሚ፣ ችግረኛ፣ የድሃ ድሃ፣ ተጋላጭ የሚሉ ቃላት የተለመዱ ናቸው። ደጋፊዎቻችን በክፋት እንደማይጠቀሙባቸው እናውቃለን፤ ቅጹ የሚጠይቀውን እንሞላለን። ከቅጹ ጎን ግን አባሏ የምትሠራውን እንጻፍ። ማሽላና ማሾ ነጋዴ፣ በግ አርቢ፣ ጠላ ጠማቂ፣ ሽንኩርት አምራች፣ ልብስ ሰፊ። ብድሯን የከፈለች ሴት ተጠቃሚ ብቻ አይደለችም፤ የማኅበሩ አበዳሪም ናት፤ የእርሷ ቁጠባ ነው ለሌላዋ የሚሰጠው። በሒሳብ አያያዝ ቋንቋ ይህ ገንዘብ ባለ ዕዳ ሳይሆን ባለ ገንዘብ በሚለው ስም ይመዘገባል። ደጋፊዎቻችንም እንዲህ ባለው ስም ቢያውቁን ደስ ይለናል።

እንግዲህ እኅቶቻችን፣ በሚቀጥለው የስብሰባ ቀን ስትመጡ መታወቂያችሁንና የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥና ስማችሁ አንድ መሆኑን አብረን እንይ። ማንበብ የማትችል እኅት ካለች ከአጠገቧ የምትቀመጠዋ ታንብብላት፤ እርሷም ስሟ ሲጠራ ትስማው።